ጥቁር እንግዳ

ጣቢታ ትባላለች። ዕድሜዋ አሥር ዓመት ነው። የምትኖረው ሰበታ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በአዴ ዱርሲቱ ግቢ ነው። በግቢው ውስጥ አምስት ቤተሰብ ተከራይቶ ይኖራል፤ ሁሉም የሚጠቀመው ግን በአንድ ቧንቧ ነው።

የጣቢታ ቤተሰቦች ይህ ታሪክ ሲጀምር ከወላይታ ከመጡ ገና አራት ወራቸው ነበር። አባቷ ግንበኛ ነው። ሥራው ሰንዳፋ ስለሆነ ቤት የሚመጣው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። እናቷ ባሎቴ ክር ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። የእናቷ ታናሽ እህት ሶፊም አብራቸው ትኖራለች፤ እሷ የካፌ አስተናጋጅ ናት። ከዚያ ደግሞ ያቤጽ አለ። ያቤጽ የስምንት ወር ሕፃን ነው። ሁለት የታች ጥርሶች አብቅሏል፤ እነሱን ለማሳየት ሲል ላየው ሰው ሁሉ ይስቃል። ጣቢታ ይህን ልጅ እንዴት እንደምትወደው፣ ታናሽ ወንድም ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ታሪኩን የምነግራችሁ ጣቢታን አስፈቅጄ ነው። "ይንገሯቸው፣ ቲቸር፤ የራስዎን ጥፋት ግን እንዳይዘሉት" አለችኝ። ይህች ልጅ ዝምተኛ ትመስላለች እንጂ አፍ አላት። እኔም እሺ ብያለሁ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ መጀመሪያ ያጠፋሁት እኔ አስተማሪዋ ያኔት ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣቢታ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤታችን የመጣች ዕለት በር ላይ ቆማ አየኋት። ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። ፀጉሯ ጥብቅ ተደርጎ ተሠርቷል። እጇን ይዤ ወደ ፊት አመጣኋትና፣ "ልጆች፣ ዛሬ ጥቁር እንግዳ መጥታልናለች። አጨብጭቡላት፤ ከፊት ወንበር ላይም ቦታ ልቀቁላት" አልኩ።

ብዙዎቻችሁ "ጥቁር እንግዳ" ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዚህ በፊት መጥቶ የማያውቅ፣ ለቤቱ አዲስ የሆነ እንግዳ ማለት ነው። ጥቁር እንግዳ ሲመጣ ጥሩው ወንበር ይለቀቅለታል፤ ምግብም አስቀድሞ ለእሱ ይቀርብለታል። የመልክ ነገር የለበትም። ቀይም ሰው ጥቁር እንግዳ ሊሆን ይችላል። ጣቢታ ግን ቤቷ የምታወራው ወላይትኛ ነው፤ አማርኛን ያወቀችው በትምህርት ቤት ነው። "ጥቁር" የሚለውን ቃል ታውቃለች። "እንግዳ" የሚለውንም ታውቃለች። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ሌላ ነገር ማለት እንደሆነ ግን ማንም አልነገራትም።

ልጆቹ አጨበጨቡላት። ፈገግም አሉላት። ጣቢታ ግን ጭብጨባውም ፈገግታውም ፌዝ መሰላት። ሰው ልቡ ሲጎዳ እንዲህ ነው፤ የሚወዱትም የሚስቁበት ይመስለዋል። ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ቀሚሷን በሁለት እጇ ወደ ታች ትስብ ነበር። እኔ ደግሞ አፍራ ነው ብዬ ዝም አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔ ቃል ወጥቶ ሄዷል፤ የት እንዳረፈ ግን አላየሁም።

ቤት ስትገባ ሶፊ መስታወት ፊት ተቀምጣ ቅንድቧን ስታስተካክል አገኘቻት።

"ሶፊዬ፣ እኔ ጥቁር ነኝ?"

"ማነው ያለሽ?"

"ዝም ብዬ ነው።"

"ጠይም ነኝ በያቸው። ጠይም ቆንጆ።"

ጣቢታ የአክስቷን ፊት በመስታወቱ ውስጥ አየች። "አንቺም አገር ቤት እያለን እንደ እኔ ነበርሽ እኮ። አሁን ግን ቀላሽ። እንዴት ነው የቀላሽው?"

ሶፊ እጇን ከቅንድቧ ላይ አወረደች።

"ውኃው ነው" አለች። "የዚህ አገር ውኃ ያቀላል።"

ይህ ውሸት ነበር። ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ያለውን ውሸት ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። የሰማቸው ልጅ ግን ቃል በቃል ያምነዋል።

ጣቢታም አመነች። ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ትታጠባለች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትታጠባለች፤ ማታም ትታጠባለች። ፊቷን፣ አንገቷን፣ ክንዷን፣ ቅልጥሟን። በዚያ ግቢ ውኃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው። ሌላ ቀን የሚጠጣውም የሚታጠቡበትም በጀሪካን የተቀዳው ነው። ሐሙስ ዕለት የግቢው ባለቤት አዴ ዱርሲቱ ከቧንቧው አጠገብ ያዟት።

"ኢንተላ ኮ፣ ዳክዬ ነሽ እንዴ?" አሏት። ኢንተላ ኮ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። "ውኃው እስከ ነገ አይመጣም። ሰው የሚታጠበው ሲቆሽሽ ነው። አንቺ ምን ቆሻሻ አለብሽና ነው?"

ጣቢታ ቆሻሻ እንደሌለባት ታውቃለች። ታዲያ ልታጥበው የፈለገችው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ያኔ ብታስበው ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። እሷ ግን ጀሪካኑን መልሳ ከደነችና ሳምንቱ እስኪሞላ ጠበቀች። ሳምንቱ ሞላ። መስታወቱ ያችኑ ጣቢታ አሳያት።

አንድ ቀን ጠዋት ጣቢታ ዓይኗን ገለጥ ስታደርግ ሶፊ ጀርባዋን ሰጥታት ቆማለች። ከትንሽ ብልቃጥ ነጭ ክሬም እያወጣች ፊቷን ትቀባለች። ስትጨርስ ብልቃጡን አልጋ ሥር ባለው አሮጌ ቦት ጫማ ውስጥ ሸሸገችው። ሶፊ ወደ ሥራ እንደወጣች ጣቢታ ጫማውን ጎተተችው።

ብልቃጡ ላይ የአንዲት ሴት ፊት ሁለት ጊዜ ታትሟል። በግራ በኩል ጠቆር ብላለች፤ አዝናለች። በቀኝ በኩል ቀልታለች፤ ትስቃለች። ጽሑፉ ጣቢታ በማታውቀው ቋንቋ ነው። ሥዕሉን ግን ማንም ያነበዋል። ሥዕሉ፣ ጥቁር ከሆንሽ ታዝኛለሽ፣ ከቀላሽ ትስቂያለሽ ይላል። ልጆች፣ ውሸት በሥዕልም ይነገራል።

ጣቢታ በጣቷ ጫፍ ትንሽ ወስዳ ጉንጯን ቀባች። ለበለባት። በማግስቱም ደገመች። የሰው ዕቃ ሳያስፈቅዱ መንካት ምን እንደሚባል ታውቃለች፤ እኔው ራሴ አስተምሬያታለሁ። ሆኖም "ትንሽ ናት፤ አታስታውቅም" ብላ ራሷን አታለለች።

እስከዚህ ድረስ የጎዳችው ራሷን ብቻ ነበር። አሁን ግን ወደሚከብደው ነገር እየደረስን ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ሕፃናት ለጌታ የሚቀርቡበት እሑድ አለ። ወላጆች ሕፃኑን ታቅፈው ወደ መድረክ ይወጣሉ። ስሙ ይጠራል። ጉባኤው ይቆማል። ፓስተሩ ሕፃኑን ተቀብሎ ይጸልይለታል። ያቤጽ የሚቀርብበት እሑድ ደርሶ ነበር። እናቱ ነጭ ሸሚዝና ትንሽዬ ሰማያዊ ሱሪ ገዝታለታለች። ቤቱ ሁሉ ደስ ብሎታል፤ ከጣቢታ በቀር።

"ያን ሁሉ ሰው ፊት አቁመው ጥቁር እንግዳ ሊሉት ነው" ብላ አሰበች። "እኔን ይበሉኝ። እሱ ግን ገና ሁለት ጥርስ ነው ያለው።"

ቅዳሜ ጠዋት ባሎቴ ወደ ፋብሪካ ስትሄድ ለጣቢታ አደራ ሰጠቻት። "ሦስት ሰዓት ሲሆን ቅባት ቀብተሽ ፀሐይ አሙቂው" አለቻት። በየሠፈራችሁ አይታችኋል፤ ሕፃናት አጥንታቸው እንዲጠና ጠዋት ጠዋት ቅባት ተቀብተው ፀሐይ ይሞቃሉ። የያቤጽ ቫዝሊን መደርደሪያው ላይ ነበር። ሶፊም ለሥራ ወጥታለች። ጣቢታ መደርደሪያውን አየችው። ከዚያ ተንበርክካ ጫማውን ከአልጋው ሥር አወጣችው።

በጣቷ ጫፍ አልነበረም ያን ዕለት። ጥርግ አድርጋ አውጥታ ፊቱን፣ አንገቱን፣ የእጆቹን ጀርባ ቀባችው። እየቀባችው በወላይትኛ ትዘምርለት ነበር። እሱም ጥርሶቹን እያሳየ ይስቅላት ነበር። ቶሎ እንዲቀላም ብላ ፀሐዩ ላይ ከወትሮው አብልጣ አቆየችው። በክፋት አይደለም። በፍቅር ነው። ልጆች፣ ክፉ ነገር በፍቅርም ሊደረግ እንደሚችል ያወቅሁት ከዚህ ታሪክ ነው፤ አሁንም ሳስበው ያስፈራኛል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የያቤጽ ጉንጭ ቀላ። አማርኛችን እዚህ ላይ ጣቢታን ሁለተኛ አታለላት። መልክ ሲፈካ "ቀላ" እንላለን፤ ቆዳ ሲቆጣም "ቀላ" እንላለን። ጣቢታ የመጀመሪያው መሰላት። ደስ አላት። "ቀላልኝ" ብላ ሳመችው። ከንፈሯን የነካት ቆዳ ግን ትኩስ ነበር።

ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። ጉንጩ አበጠ። አንገቱ ላይ ትናንሽ ውኃ የቋጠሩ ነገሮች ወጡ። የግራ ዓይኑ እየጠበበ ሄደ። ጣቢታ በእርጥብ ጨርቅ ብትጠርገው ጩኸቱ ባሰ። አዴ ዱርሲቱ ሮጠው መጡና፣ "ምች ነው የመታው። ፀሐይ ላይ አቆይተሽዋል" አሉ። ወዲያው ለባሎቴም ለሶፊም ስልክ አስደወሉ።

ባሎቴ የፋብሪካ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ደረሰች።

"ምን ቀባሽው?"

"የሁልጊዜውን" አለች ጣቢታ።

ልጆች፣ ይህች አንዲት ቃል ከክሬሙ ይልቅ የምትከፋ ነበረች። ክሬሙን ስትቀባው አላወቀችም። ይህን ስትል ግን አውቃለች።

ሶፊም ደርሳ ነበር። ሻርፕ ለመውሰድ ወደ ውስጥ ገባች። አሮጌው ጫማ መሐል ወለል ላይ ተጋድሟል፤ ብልቃጡም ክዳኑ ተከፍቶ አጠገቡ አለ። ገባት። ብልቃጡን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ዝም ብላ ወጣች።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄዱ። የተቀበላቸው ኢፋ የሚባል ወጣት ነርስ ነበር። ያቤጽን አልጋው ላይ አስተኝቶ ፊቱን በእጅ ባትሪ አየው።

"ምን ተቀብቶ ነበር?"

"ቫዝሊን ብቻ ነው" አለች ባሎቴ። "ምች ነው ይላሉ።"

"ምች አይመስለኝም። የሆነ ነገር ያቃጠለው ነው የሚመስለው። ምን እንደሆነ ካላወቅሁ ግን በጭፍን ነው የማክመው። ዓይኑ ደግሞ እየተዘጋ ነው። በደንብ አስታውሱ እስቲ፤ ሳሙና? የቤት ማጽጃ? ክሬም?"

ማንም አልመለሰም። ጣቢታ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ሶፊ ከኋላዋ ናት። ሶፊ የጣቢታን ትከሻ ጨበጥ አደረገችው። ጣቢታ ተናገሪ ማለቷ ይሁን ዝም በይ ማለቷ አልገባትም። ሶፊ በኋላ እያለቀሰች፣ "ዝም በይ ማለቴ ነበር" ብላ ነግራኛለች። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ዝምታ ሕፃን እየጎዳ ነበር።

እናንተ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር? ቶሎ "አዎ" አትበሉኝ። እናቷ እዚያው ቆማለች። አንድ ጊዜ ዋሽታታለች። አሁን ብትናገር ውሸቷም አብሮ ይወጣል።

ያቤጽ አንገቱን አዞረ። በአንድ ዓይኑ ጣቢታን ፈልጎ አገኛት። ማልቀሱን አቋርጦ እጁን ዘረጋላት። ያን ሁሉ ያደረገችው እሷ እንደሆነች አያውቅም። የሚያውቀው እህቱ መሆኗን ብቻ ነው።

"እኔ ነኝ" አለች ጣቢታ። "እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። የሶፊን ክሬም ነው የቀባሁት። የሚያቀላውን። ፊቱንም፣ አንገቱንም፣ እጁንም። ብዙ ነው።"

ባሎቴ ወደ ልጇ ዞረች። ሶፊ ቦርሳዋን ከፈተችና ብልቃጡን ለኢፋ ሰጠችው።

ኢፋ አልተቆጣም። "ጎሽ፣ አሁን ምን እንደምናክም አወቅን" አለ። ብልቃጡን አገላብጦ አነበበው። "ምን ምን እንዳለበት እንኳ በትክክል አልጻፉበትም" አለና ሐኪሟን ጠራት። ሁለቱ ሆነው ሕፃኑን በብዙ ንጹሕ ውኃ ቀስ እያሉ አጠቡት። ዓይኑን አዩለት፤ መድኃኒት አደረጉለት። እስኪመሽ ድረስ እዚያው አቆዩት። ሊወጡ ሲሉ ኢፋ ሶፊን፣ "አንቺም ሰኞ ነይ፤ ፊትሽን ሐኪም ይየው" አላት።

ባሎቴ ጣቢታን አልመታቻትም። ባጃጁ ውስጥ ጣቢታ የያቤጽን ብርድ ልብስ ልታስተካክል እጇን ስትዘረጋ ግን፣ "ተዪው" አለችና ሕፃኑን ወደ ራሷ አስጠጋችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሎቴ ወደ ሥራ ስትሄድ ያቤጽን የምትተወው ለአዴ ዱርሲቱ ሆነ። ጣቢታ ወንድሟን በሩቁ ታየዋለች። ለእሷ ከዚህ የከፋ ቅጣት አልነበረም።

እሑድ ዕለት ያቤጽ አልቀረበም። ጣቢታም አልመጣችም። ከአምልኮ በኋላ ደህና አይደሉም እንዴ ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። ባሎቴ የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ። ጣቢታ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች፤ የእግሮቿ ጣቶች ይታዩኛል።

"ጣቢታ፣ ነይ እስቲ የኔ ልጅ" አልኳት። "ያቤጽ እንዲቀላ ለምን ፈለግሽ?"

ወጥታ ፊቴ ቆመች። "ሰው ፊት እንዳይሰድቡት ብዬ ነው።"

"ማነው የሚሰድበው?"

"እርስዎ ነዎታ" አለች። "እኔን ጥቁር እንግዳ ብለውኝ የለ?"

ያን ቀን የተናገርኩት ትዝ እስኪለኝ ጊዜ ፈጀብኝ። ለእኔ ተራ ቃል ነበር። ለእሷ ግን ሳምንት ሙሉ ስትታጠብ የከረመችበት ቃል ነው። ትርጉሙን ነገርኳት። የክብር ቃል እንደሆነ፣ እኔም ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ብሄድ ጥቁር እንግዳ እንደምባል አስረዳኋት። ጣቢታ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"እሺ" አለች። "ታዲያ ሶፊንስ?"

"ሶፊን ምን?"

በር ላይ ቆማ ስትሰማን የነበረችው ሶፊ ራሷ መለሰች። "ካፌው መጀመሪያ ስጠይቅ ቀላ ያለች ነው የምንፈልገው አሉኝ። ከሁለት ወር በኋላ ተቀብቼ ሄድኩ። ቀጠሩኝ። አሁን ደንበኛው ሁሉ ቀይዋ ይለኛል። ፀሐይ ላይ ግን አምስት ደቂቃ መቆም አልችልም፤ ፊቴ ይነድዳል። ብተወው ደግሞ ማድያት ያወጣብኛል ብዬ እፈራለሁ።"

"እኔም አለሁበት" አለች ባሎቴ ቀስ ብላ። "ጣቢታን 'ፀሐይ ላይ አትጫወቺ፣ ትጠቁሪያለሽ' እያልኩ ነው ያሳደግኳት።"

ሁሉም ጥፋቱን ሲያወጣ እኔ ትርጉም አስረድቼ ልወጣ ነበር። ያኔ ግን ያለፈው የገና በዓል ትዝ አለኝ። አራት የመላእክት ልብስ ነበረን። ከክፍሌ አራት ልጆች መርጬ አለበስኩ። አራቱም ቀያዮች ነበሩ። እንዲህ አድርጊ ብሎ ያዘዘኝ የለም። አስቤበትም አልነበረም። መልአክ ስል ዓይኔ በራሱ ወደ እነሱ ሄደ። እኔም ቀይ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ "ቀይዋ" ሲሉኝ ምስጋና ይመስለኝ ነበር። ምስጋናው ከማን ላይ ተቀንሶ እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም።

ይህንንም ለጣቢታ ነገርኳትና ይቅርታ ጠየቅኋት። አፈርኩ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም አፈርኩ። ጣቢታ ትንሽ አሰበችና፣ "እሺ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ" አለች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

"እማዬ፣ አንቺስ ይቅር ትይኛለሽ? ስለ ክሬሙም፣ ስለ ውሸቱም።"

ባሎቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። "ይቅር ብዬሻለሁ" አለች። "እጄ ግን ገና ይፈራል። ታገሺው።"

በሚቀጥለው እሑድ በክፍሌ ልጆች ፊት ስለ ጥቁር እንግዳውም ስለ መላእክቱም ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ፣ "ሰው የቆዳውን መልክ መለወጥ የሚፈልገው ለምን ይመስላችኋል?" አልኳቸው።

አንዷ፣ "ቆንጆ ለመሆን" አለች። ሌላው፣ "ሌላ ሰው ሲያደርግ አይቶ" አለ። ጣቢታ እጇን አወጣች።

"ሰዎች ከስሙ በፊት መልኩን ስለሚጠሩት ነው" አለች።

ጥያቄ የማያልቅበት ሙሴም እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ እግዚአብሔር ሰውን ከአፈር ሠራ ብለውናል። የሰበታ አፈር እኮ ጥቁር ነው።"

"የእኛ አገር አፈር ደግሞ እንደ በርበሬ ቀይ ነው" አለች ጣቢታ።

"ታዲያ አንቺ ቀይ፣ እኔ ጥቁር መሆን ነበረብን" አላት ሙሴ። ጣቢታ ሳቀች። ክፍሌ ውስጥ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

ያቤጽ ቀስ በቀስ ዳነ። እብጠቱ ጠፋ፤ ዓይኑም ደህና ሆነ። ቀኝ ጉንጩ ላይ ግን አውራ ጣት የምታህል የነጣች ቦታ ቀረች። ሐኪሟ ጊዜ ትወስዳለች ብላለች። ሰው፣ "ይህ ልጅ ጉንጩን ምን ሆነ?" ብሎ ሲጠይቅ ባሎቴ አትመልስም። የምትመልሰው ጣቢታ ናት። "እኔ ነኝ። እንዲቀላ ብዬ ክሬም ቀብቼው ነው" ትላለች። በየጊዜው ማለቱ ቀላል አይደለም። ግን አንድም ቀን ሌላ ምክንያት ሰጥታ አታውቅም። ሶፊም ሐኪሟ በነገረቻት መሠረት ክሬሙን እየተወች ነው።

ከአራት ሳምንት በኋላ ያቤጽ የሚቀርብበት እሑድ ደረሰ። አባቱ ከሰንዳፋ መጥቷል። ፓስተሩ የሕፃኑን ስም ጠራ። ጉባኤው ቆመ። ባሎቴ ልጇን ታቅፋ ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ቆመች። ወደ ኋላ ዞራ ጣቢታን አየቻት። ጣቢታ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ነበር፤ ወንድሟን ከነካችው ወር አልፏት ነበር።

"ነይ" አለቻት ባሎቴ። "አንቺ ያዢው።"

ጣቢታ እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ከዚያ ተቀበለችው። ያቤጽ ፊቷን ዳሰሰ፤ አፍንጫዋን ያዘ። እንባዋ በጉንጮቿ እየወረደ ታቅፋው ወደ መድረክ ወጣች። እናትና አባቷ በግራና በቀኝ አብረዋት ሄዱ። እኔም ከልጆቼ ጋር ቆሜ አለቀስኩ።

ልጆች፣ እግዚአብሔር የሰጠንን መልክ ከመለወጥ ይልቅ፣ ሰው መልኩን እንዲጠላ የሚያደርገውን አፋችንንና ዓይናችንን እንለውጥ።